«ከዳሌሽ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀንሺ» ለተባለችው ሞዴል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 19 ዓመቴ ነው፣ ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ሞዴል ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ 53 ኪሎ ነው። ዳሌዬ 90 ሆኗል። ኤጀንሲዬ ከሚቀጥለው የሾው ወቅት በፊት 88 እንዳደርገው ነግሮኛል። ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ። የወር አበባዬ ከቀረ አራት ወር ሆኖታል። ፎቶ ስለጥፍ ግማሹ ‹አጽም› ይለኛል፣ ግማሹ ‹ወፍረሻል› ይለኛል። እናቴ ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች፣ ግን ቤቱ የሚተዳደረው እኔ በምልከው ገንዘብ ነው። ሌሎቹ ልጆች እየቻሉ እኔን ያቃተኝ ደካማ ስለሆንኩ ነው? ልተወው?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሥነ አእምሮ ሐኪም ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከምግብ ጋር የተጣሉ ሰዎችን በማከም ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ሞዴሎች ጥቂት አይደሉም። ስለ ሥራሽም፣ ስለ ሰው አፍም፣ ስለ እናትሽም አወራለሁ። መጀመሪያ ግን እንደ ሐኪም ላውራ። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ዳሌሽ አይደለም። አራቱ ወር ነው።

ምግብ ሲያንስ ሰውነት እንደ ቸገረው አባወራ ይሆናል። ዛሬ የግድ ያልሆነውን ወጪ ቀድሞ ይቆርጣል። ልጅ መውለድ ለዛሬ የግድ ስላልሆነ የወር አበባን ይዘጋዋል። ቀጥሎ ሙቀት ይቆጥባል፣ ሌላው ሰው በቲሸርት በሚሄድበት ቀን አንቺን ይበርድሻል። ፀጉርሽ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። የልብ ምትሽ ይዘገያል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ወርዷል፣ ኤስትሮጅን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። አጥንት ደግሞ የሚጠራቀመው በልጅነት፣ በጉርምስናና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ያንን ተቀማጭ እያወጡ መኖር ነው። አንቺ አሁን ማስቀመጫው ጊዜ ላይ ነሽ። እያወጣሽ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። «ድካም አለኝ» ብለሽ ቫይታሚን ተጽፎልሽ እንዳትመለሺ። የወር አበባዬ አራት ወር ቀርቷል፣ የምበላው ትንሽ ነው፣ ሥራዬ ሞዴልነት ነው ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። የደም ምርመራ ይሠራልሽ፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ፎስፌት የሚባሉት የደም ማዕድናት ይታዩ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞንም አብረው። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ይነሳልሽ። ተኝተሽና ቆመሽ የደም ግፊትሽ ይለካ። የእርግዝና ምርመራም ያዙልሻል። አትቀየሚ፣ የወር አበባ የቀረባትን ሴት ሁሉ እንዲሁ ነው የምንጠይቀው። እናም አንድ ነገር አደራ፦ መከላከያ ክኒን ወስደሽ ደም ቢታይሽ «ተስተካከለ» ብለሽ እንዳትዘናጊ። ያ ደም የክኒኑ ነው፣ ሰውነትሽ መዳኑን አያሳይም። አንዳንድ ልጆች በዚህ ተሸውደው ዓመታት ያልፋቸዋል።

ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽ ላይ ልብሽ የሚዘል ከመሰለሽ ወይም ደረጃ መውጣት ካቃተሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቢ። የሚያስቀምጥ መድኃኒትና የሽንት ክኒን የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው። አልጻፍሽውም፣ ግን ከካስቲንግ፣ ማለትም ለሾው ሞዴል ከሚመረጥበት ቀን በፊት የሚወስዱ ብዙ ስላሉ ነው የማነሳው። የሚያወጡት ውሃ ነው፣ ስብ አይነኩም። ከውሃው ጋር ፖታሲየም ይሄዳል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ልብ ምቱ ይዛባል። አሁን ደግሞ የክብደት መቀነሻ መርፌው አለ። ለስኳር ሕመምና ለከፍተኛ ውፍረት የተሠራ መድኃኒት ነው። 53 ኪሎ የሆነች የ1 ሜትር ከ78 ልጅ በምንም ሒሳብ እሱ ጋ አትደርስም። መልበሻ ክፍል ውስጥ «እኔ ያለኝን ላካፍልሽ» የምትልሽ ካለች አመስግነሽ እለፊ።

አሁን ወደ ሁለቱ ሳንቲ ሜትር።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሞዴል እኔ ጋ ትመጣ ነበር። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ቦርሳዋ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር፤ ቢጫ፣ እንደ ክታብ የማትለየው። 60 የምትለዋ ቁጥር አካባቢ ጠቁራለች፤ አውራ ጣቷ የሚያርፈው ሁሌ እዚያ ስለሆነ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ወገቧን ትለካለች። አንድ ቀን እኔ ፊት ለካች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ሆዷን ወደ ኋላ ስባ። «እስቲ እየተነፈስሽ ለኪው» አልኳት። እንዴት እንደሚደረግ ግራ ገባት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየተነፈሰች ለክታ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። ጠዋት 60፣ ማታ 62። ጠዋት 60 ተኩል፣ ማታ 62 ተኩል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀቱን ይዛ መጥታ «ማታ ማታ እወፍራለሁ» አለችኝ፣ ከልቧ ነው። የጠጣችው ውሃ፣ የበላችው እፍኝ ምግብና አንጀት ውስጥ ያለ አየር ነው እኮ። የማንም ሰው ወገብ እንዲህ ይሰፋል ይጠባል። እሷ ግን ለሁለቱ ሳንቲ ሜትር ስትል ሁለት ዓመት ሙሉ እራት በልታ አታውቅም ነበር።

ያንቺ ከወገብ ይብሳል፣ ምክንያቱም የተጠየቅሽው ዳሌ ነው። ቀጭን ሰው ላይ የዳሌን ስፋት ብዙ የሚወስነው አጥንት ነው። 53 ኪሎ ላይ ሆነሽ የቀረሽ ነገር ቢኖር አጥንት፣ ጡንቻና ሰውነትሽ ለሕይወቱ የያዘው ትንሽ ስብ ነው። ኤጀንሲው የፈረመሽ በ16 ዓመትሽ ነው። የሴት ዳሌ አጥንት ደግሞ ከጉርምስና በኋላም ቀስ እያለ ይሰፋል፣ እስከ ሃያዎቹ ድረስ ይቀጥላል። የ16 ዓመቷን ልጅ መልሺልን ነው እያሉሽ ያሉት። እሷ የለችም። ብትራቢ አትመጣም፤ የምትመጣው የታመመች የ19 ዓመት ልጅ ናት።

ከፈለግሽ ሒሳቡን እንሥራው። ቢኤምአይ የሚባለው ክብደትን በቁመት ስኩዌር ማካፈል ነው። 1.78 ሲባዛ በ1.78 ወደ 3.17 ይመጣል። 53 ለዚህ ሲካፈል 16.7 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18.5 በታችን ከመጠን በታች ይለዋል፤ ከ17 በታች ከሆነ ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ያለው መክሳት ውስጥ ይመድበዋል። ባንቺ ቁመት 18.5 ማለት 58.6 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ኪሎ ተኩል ወደ ላይ ይጎድልሻል፣ አንቺ የተጠየቅሽው ወደ ታች ነው። ቢኤምአይ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ጤነኛ ሆነው በተፈጥሯቸው ቀጭን የሆኑ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ግን የወር አበባቸው አይቀርም።

ለመሆኑ 88 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ? ሰው የውበት ሚስጥር ይመስለዋል። የልብስ ስፌት ጉዳይ ነው። ዲዛይነሩ ለአንድ ወቅት ከእያንዳንዱ ልብስ ብዙ ጊዜ አንድ ናሙና ነው የሚያሰፋው፣ ሳምፕል የምትሉትን ማለቴ ነው። ያ አንድ ልብስ ሾው ላይ ይለበሳል፣ ከዚያ ለገዢዎች ይታያል፣ ከዚያ ለመጽሔት ፎቶ ይላካል፣ በየሄደበት ሌላ ሞዴል ትለብሰዋለች። ለሁሉም እንዲሆን ሁሉም አንድ ልክ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ልብሱ ቀድሞ ተሰፍቶ ሰው ይፈለግለታል። ማንም ልብስ ሰፊ ሰው ለክቶ ይሰፋል፤ እዚህ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። ካስቲንግ ላይ ዚፑ ጀርባሽ ላይ እምቢ ሲል ከኋላ የቆመችው ልጅ «ይቅርታ» ትልሻለች እንጂ «ልብሱ ጠቧል» አትልሽም። ሦስት ዓመት እንዲህ ከቆየሽ በኋላ ልብሱ ሊጠብ እንደሚችል ራሱ ትረሺዋለሽ።

«ሌሎቹ ልጆች እየቻሉ» ብለሻል። ይህቺን አረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። የሚችሉት እነማን እንደሆኑ ልብ ብለሽ እዪ። አንዳንዶቹ 16 እና 17 ዓመታቸው ነው፣ ዳሌያቸው ገና አልደረሰም። አንዳንዶቹ በተፈጥሯቸው እንዲያ ናቸው፣ ይሁንላቸው። የቀሩት ደግሞ እንዳንቺ ናቸው፣ ለሌላ ሰው እንዳንቺው እየጻፉ ነው። ከአንቺ ጎን ተቀምጣ ቡና ብቻ የምትጠጣዋ ልጅ አንቺን አይታ «እሷ ችላለች» እያለች ይሆናል።

ቻሉ የተባሉት አንዳንዶቹ ምን እንደሆኑም ይታወቃል። በነሐሴ 2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ ናቸው)፣ ኡራጓይ ውስጥ ሉዊሴል ራሞስ የምትባል የ22 ዓመት ሞዴል ሾው ላይ እያለች ልቧ ቆሞ ሞተች። በኅዳር ብራዚላዊቷ አና ካሮሊና ሬስቶን በ21 ዓመቷ አኖሬክሲያ በሚባለው ራስን የማስራብ ሕመም ምክንያት ሞተች፤ 40 ኪሎ ገደማ ነበረች። በየካቲት 2007 የሉዊሴል እህት ኤሊያና፣ እሷም ሞዴል፣ በ18 ዓመቷ ተከተለች። አንድ እናት ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ልጅ ቀበረች። የማነሳልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ እነዚያ ልጆች እስከ መጨረሻው ሳምንት «ችለውት» ነበር፣ ሥራም ያገኙ ነበር፣ ለዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተንቀሳቀሱ። የማድሪድ የፋሽን ሳምንት በመስከረም 2006 ከ18 በታች ቢኤምአይ ያላቸውን ከለከለ። እስራኤል በ2012 ሕግ አወጣች፣ 18.5 ላይ መስመር አሰመረች። ፈረንሳይ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ሞዴል የሐኪም ወረቀት ከሌላት አትሠራም፣ ጥሶ የቀጠረ እስከ 75 ሺህ ዩሮና ስድስት ወር እስር አለበት። ኤልቪኤምኤችና ኬሪንግ የሚባሉት ሁለቱ ግዙፍ የፋሽን ኩባንያዎች በዚያው ዓመት ቻርተር የሚባል የጋራ የስምምነት ሰነድ ፈርመው በፈረንሳይ ቁጥር 32 የሚባለውን በጣም ትንሽ የሴቶች ልክ ከምርጫቸው አስወጡ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የአዋቂ ልብስ እንዳያሳዩም ከለከሉ። ደግ ነገር ነው። ግን ሕጎቹን እያቸው፦ ሁሉም የሚለኩት ልጅቷን ነው። ሚዛን ላይ የምትወጣው እሷ፣ ወረቀት የምታመጣው እሷ፣ ሳትመጥን ስትቀር የምትመለሰው እሷ። ወደ ልብሱ ትንሽ ጠጋ ያለው ቻርተሩ ብቻ ነው። እንደ እኔ ሐሳብ መለካት የነበረበት ሳምፕሉ ነው፤ ሁለት ቁጥር ከፍ ተደርጎ ቢሰፋ ኖሮ ያንቺ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

አሁን «ደካማ ነኝ ወይ» ወደሚለው።

በ1944 እና 45 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው አስርቦ አጠና። ጦርነት ነበር፣ የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነው የፈለገው። ለስድስት ወር ያህል በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ሰጣቸው። ስንቶቻችሁ ዛሬ «ዲየት» ከምትሉት ይበልጣል! ሰዎቹ በአካልም በአእምሮም ተመርጠው የገቡ፣ ስለ ወገባቸው አንድ ቀን ያላሰቡ ጎልማሶች ናቸው። ምን ሆኑ? ይበርዳቸው ጀመር። ተነጫነጩ፣ ከሰው ሸሹ፣ የሴት ነገር ጠፋባቸው። ሕልማቸው ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነብቡ ጀመር። አንድ ሳህን ምግብ ለረጅም ሰዓት እየቆራረሱ፣ እየደባለቁ፣ ውሃ እየጨመሩ ይቆዩበት ነበር። ረሃቡ ካለፈ በኋላም አንዳንዶቹ እስኪታመሙ በሉ።

የማውቃቸው ሞዴሎች ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ምክንያቱም ሌሊት ስልካቸው ላይ የሚያዩት የምግብ አሠራር ቪዲዮ ነው። አንቺም ታይ ይሆናል። ፖሙን በስንት ትቆርጪዋለሽ? ይሄ የጸባይ ድክመት ቢሆን ኖሮ እነዚያ 36 ጎልማሶች ላይ ባልታየ። የተራበ አእምሮ የሚሠራው ሥራ ነው። ጭንቀቱም፣ ማልቀሱም፣ «ሁሉም ይጠላኛል» የሚለውም፣ ቁጥሩን ከመቶ ጊዜ በላይ ማሰቡም ጥሩ ድርሻው ከረሃቡ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው የተራበች ልጅ ጋ ቁጭ ብዬ ስለ ልጅነቷ ለወራት የማላወራው። መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ እናወራለን። ግን አበላሉም በሐኪም ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ላይ በአንዴ ብዙ ምግብ ሲጫን ፎስፌትና ፖታሲየም ድንገት ይወርዳሉ፣ ያም ለልብ አደገኛ ነው። ደሙ ይታይና ቀስ እያልን።

ስለ አስተያየት ሰጪዎቹ። «አጽም» የሚሉሽና «ወፍረሻል» የሚሉሽ ሰዎች ተጣልተው ቢሆን አንዱን ትመርጪ ነበር። አልተጣሉም። ሁለቱም ሰውነትሽ የእነሱ ዕቃ እንደሆነ ተስማምተዋል። ቀጭን ካልሆነች ሥራ አይሰጧትም፣ ቀጭን ስትሆን ለልጆቻችን መጥፎ አርአያ ናት ይሏታል። ሁለቱንም የሚያስደስት ኪሎ የለም፤ አትፈልጊው።

ሊንዳ ኢቫንጀሊስታን ታውቂያት ይሆናል፣ ካላወቅሽ ታላቆችሽን ጠይቂ። በ1990ዎቹ ከእሷ በላይ ሞዴል አልነበረም። ዕድሜዋ ሲገፋ ስብ በማቀዝቀዝ ያጠፋል የተባለ ሕክምና አደረገች፤ ስቡ መጥፋት ሲገባው ጠንክሮና አብጦ ቀረ፣ በሕክምና የሚታወቅ ከስንት አንድ የሚያጋጥም ጉዳት ነው። ለዓመታት ከሰው ተደበቀች። በ2021 በራሷ ገጽ ወጥታ ተናገረች። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ሽፋን ላይ ስትመለስ ፊቷና አንገቷ በቴፕና በላስቲክ ወደ ኋላ ተስቦ ነበር፤ ይህ በእውነተኛው ሕይወት የእኔ መንጋጋና አንገት አይደለም ብላ ራሷ ተናገረች። እስቲ አስቢው። የዓለም ቁንጮ የተባለችው ሴት እንኳ እሷን መምሰል አቃታት።

ሃሊማ አደን ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት። ኬንያ ውስጥ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ ሂጃብ ለብሳ ትልልቅ መድረክ ላይ የወጣች። ለኢንዱስትሪው የብዝኃነት ምልክት ነበረች፣ ለብዙ ሙስሊም ልጆች ደግሞ ኩራት። በዚህ መሀል ሂጃቧ በየጊዜው እየጠበበ ሄደ፣ አንዴ በሻሽ ፋንታ ጂንስ ሱሪ ራሷ ላይ ተጠምጥሞ ፎቶ ተነስታለች። በ2020 ኅዳር «በቃኝ» አለች፣ 23 ዓመቷ ነበር። ብዙ ሰው ተገረመ። እኔ ግን ያኔ የገረመኝ መተዋ ሳይሆን ምን ያህል ሰው ጫንቃዋ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ነው፤ ከውስጥም ከውጭም።

የወንድ ሞዴሎችን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ልለፈው፣ ጠያቂያችን ሴት ስለሆነች፦ ከሴቶቹ ያነሰ ይከፈላቸዋል፣ አንድ ወቅት ክሱ፣ አንድ ወቅት ደረታችሁን አውጡ ይባላሉ፣ «ወንድ ልጅ አይከፋውም» ስለሚባል እኔ ጋ የሚመጡት በጣም ዘግይተው ነው።

ገጽሽን በተመለከተ የማዝዘው ትንሽ ነው። ለስድስት ሳምንት የይለፍ ቃሉን ለምታምኛት ሰው ስጪ፣ ለሥራ የሚለጠፈውን እሷ ትለጥፍ፣ አስተያየቱን አንቺ አታንብቢ። እያነበብሽ «አይሰማኝም» ማለት አይሠራም፣ እኔም አይሠራልኝም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስለ ሞዴል ሲወራ ሰው ሁሌ የሚዘለው ይሄን ነው። አንቺ ላይ ያለውን ጫና ግማሹን የያዘው ግን እሱ ይመስለኛል። ኤጀንሲ በተለምዶ ከክፍያሽ 20 በመቶ ይወስዳል፣ ከደንበኛውም የራሱን ይቀበላል። ችግሩ ከዚያ በፊት ያለው ነው። የሙከራ ፎቶው፣ አውሮፕላን ትኬቱ፣ ቪዛው፣ ስድስት ልጅ የተቆለለበት የሞዴሎች አፓርታማ ኪራይ፣ ሁሉም «እኛ እንሸፍነዋለን» ይባልና በስምሽ ዕዳ ይጻፋል። ዕዳ ያለባት ልጅ «ዳሌዬ 90 ነው፣ አልቀንስም» ለማለት አፏ አይፈታም። የሂሳብ መግለጫሽን በጽሑፍ ጠይቂ። ስንት ሠራሁ፣ ስንት ተቆረጠ፣ ለምን ተቆረጠ፣ ምን ቀረብኝ። ከከለከሉሽ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ በታኅሣሥ 2024 የተፈረመ ሕግ አለ፣ ሰኔ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ኮሚሽንን 20 በመቶ ላይ ይገድባል፣ ሞዴሏ ለመፈረም ቅድሚያ እንድትከፍል ማድረግን ይከለክላል፣ መልኳን በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቀድቶ መጠቀምንም ያለ ግልጽ የጽሑፍ ፈቃዷ ከልክሏል። ለዚህ ለዓመታት የታገለው ሳራ ዚፍ የምትባል የቀድሞ ሞዴል በ2012 የመሠረተችው ሞዴል አሊያንስ የሚባል የሞዴሎች መብት ተሟጋች ድርጅት ነው። ሕጉ አንቺ የምትሠሪበት ላይሠራ ይችላል፣ ግን ውልሽን ከእሱ ጎን አስቀምጠሽ አንብቢው። ምን እንደጎደለ ወዲያው ይታይሻል።

ልተወው ወይ ላልሽው፦ ይህን ሾው ተዪው። በዚህ አልደራደርም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ዳሌሽን 88 የሚያደርግ ጤነኛ መንገድ ስለሌለ ነው። ሙያውን ስለመተው ግን አሁን አትወስኚ፤ የተራበ ሰው ትልቅ ውሳኔ አይወስንም። ለኤጀንሲው ብዙ አታስረጂ። «ሐኪም ክብደት እንዳልቀንስ አዞኛል። ልኬ 90 ነው፣ የሞዴል ካርዴ ላይ 90 ብላችሁ ጻፉ» በያቸው፣ በጽሑፍ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዢ። «ብትሞክሪ ምን አለበት» የሚል መልስ ቢመጣ አትመልሺ፣ መልእክቱን ግን አስቀምጪው።

ሲሻልሽ ራንዌይ፣ የሾው መድረኩ፣ ብቸኛው በር እንዳልሆነ ታዪዋለሽ። የኦንላይን መደብሮች በየቀኑ ፎቶ የሚያነሱት የሚገዛውን ሰው የምትመስል ሞዴል ይዘው ነው። ማስታወቂያ አለ። በእንግሊዝኛ fit model የሚባል ሥራም አለ (ስለ ፊት አይደለም፣ ስለ ልብስ ልክ ነው)፣ ልብስ ገና ሲሰፋ አንቺ ላይ እየተለካ የሚስተካከልበት፤ እዚያ የሚፈለገው ልክሽ እንዳይለዋወጥ ነው፣ በሰዓት ይከፈላል፣ ስምሽን ማንም አያውቀውም። ታዋቂ ለመሆን ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ቤት ለሚያስተዳድር ሰው ግን ከራንዌይ የተሻለ ነው፤ የሾው ክፍያ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፣ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

እናትሽ። «ታለቅሳለች» ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ የምትልኪላት ገንዘብ ግን እንዲቀር አትፈልጊም። እሷም ሁለቱን ይዛ ነው የምትተኛው። አንቺን ስታይ ትፈራለች፣ ገንዘቡ ሲደርስ ደግሞ ትሸማቀቃለች። ለዚህ ነው «ብዪ እንጂ» ብላ ጨክና የማትቆጣሽ። ስለ ምግብ አትከራከሪያት። ይልቅ ቁጭ በይና ቁጥሩን ንገሪያት፣ የዳሌውን አይደለም፣ የገንዘቡን። ስንት አለኝ፣ ሦስት ወር ብታመም ለስንት ጊዜ ይበቃናል፣ ምን ይቀንስ፣ ማን ሊያግዝ ይችላል። ታናናሽ ወንድምና እህት ካሉ እነሱም ይስሙ። እኔ ጋ የመጡ ብዙ ልጆች ቤተሰቤ ያለ እኔ ገንዘብ ይወድቃል ብለው ሲፈሩ ኖረው፣ አንድ ቀን ሲጠይቁ እናትየው «እኔማ ብትመጪ ይሻለኛል እያልኩ ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። የሁሉም እናት እንዲህ አትልም። ግን ሳትጠይቂያት አትገምቺላት።

ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ እሷን ይዘሻት ሂጂ። ውጤቱን ከያዝሽ በኋላ ደግሞ እንደገና ጻፊልኝ፣ ከፖታሲየሙና ከኢሲጂው እንጀምራለን።